«ሆዴን አመመኝ» ካልኩ በኋላ ሌላ ቃል ጠፋኝ

ሆድ_ይፍጀው · ሰኞ ማታ 3፡40

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ገብቼ የገጠመኝን ልንገራችሁ። እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት።

ሐኪሟ መጣችና «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችኝ። «ሆዴን።» «የቱ ጋ?» «ሆዴን ነዋ!» «እንዴት ነው የሚያምህ?» እዚህ ላይ አፌ ተሳሰረ። «በቃ ያማል ዶክተር፣ በጣም ያማል።» ቀጥዬ ደግሞ ራሴው መርምሬ ጨረስኩላት፦ «ጨጓራዬ ነው፣ የቆየ ነው።»

ጨጓራ የምትለዋን የሰማች አልመሰለችም። «በአንድ ጣትህ አሳየኝ» አለችኝ። ጣቴን ዘርግቼ ሆዴ ላይ አዞርኩት፣ አዞርኩት፣ ማሳረፊያ አጣሁ። በመጨረሻ መዳፌን እንዳለ ከደረት አጥንቴ በታች፣ ወደ ቀኝ ጠጋ አድርጌ ለጠፍኩት። መዳፌን አየት አድርጋ የሆነ ነገር ጻፈች። «ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል?» ስትለኝ ነው ትዝ ያለኝ። ለካ ማታ ማታ ከቀኝ ትከሻዬ አጥንት ሥር፣ ከኋላ፣ ጨምድዶ የሚይዘኝ ነገር ነበር። እኔ ትራሱን ስወቅስ ነው የከረምኩት።

በአልትራሳውንድ ሲታይ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። 5 ወር ሙሉ ጨጓራ ነው እያልኩ የጨጓራ መድኃኒት ስውጥ ነበር። ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሐኪሞች የሆድ ሕመምን በምን በምን ነው የሚለዩት? እኛስ እንዴት ብለን ብንናገር ይገባቸዋል?

የማታ_ተረኛ · ሰኞ ማታ 4፡25

እንኳን ለዚህ አበቃህ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። «በአንድ ጣትህ አሳየኝ» የምትለዋን እኔም በየሌሊቱ እላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ሆድ ውስጥ ሁለት ዓይነት የሕመም መስመር አለ። አንደኛው ከራሳቸው ከሆድ ዕቃዎቹ ይመጣል፤ ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከሐሞት ከረጢት። የሚገርመው አንጀት ቢቆረጥ እምብዛም አይሰማውም። የሚጮኸው ሲወጠር፣ ሲጨመቅ ወይም ደም ሲያጥረው ነው። ነርቮቹ ጥቂት ናቸው፤ ደግሞ ከግራም ከቀኝም ወደ አከርካሪ ይገባሉ። ስለዚህ አንጎል ቦታውን አጥርቶ አያውቀውም። በሽተኛው መሃል ሆዱን በመዳፉ ያሻል። ሕመሙ ድፍን ያለ ነው፣ ይከብዳል፣ ያስጨንቃል፤ ማቅለሽለሽና ላብ ይከተሉታል።

ሁለተኛው የሆድን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ከለበሰው ስስ ሽፋን ይመጣል። የዚህኛው ነርቭ እንደ ቆዳ ነርቭ ቦታውን ያውቃል። በአንድ ጣት «እዚህ ጋ!» ይባላል። ይወጋል። ሲያስሉ፣ ሲራመዱ፣ ሰው አልጋውን ገጭ ሲያደርገው ይብሳል።

ስለዚህ ገና ከበሩ ላይ ሆኜ የማየው አተኛኘትን ነው። አንዱ አልጋው ላይ ይንፈራገጣል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ግድግዳ ይደገፋል። የኩላሊት ጠጠር ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እንደዚህ ያደርጋል። ሌላው ጉልበቱን አጥፎ ደርቆ ተኝቷል፤ ትንፋሹን እንኳ ይቆጥባል። ሽፋኑ ተቆጥቷል ማለት ነው። ጨጓራ ወይም አንጀት ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው።

ትከሻህ ጋ የተሰማህ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ተዛማች ሕመም በለው። ከሐሞት ከረጢት የሚመጣው ነርቭና ከትከሻ አጥንት ሥር የሚመጣው ነርቭ አከርካሪ ላይ አንድ በር ይጋራሉ። አንጎል ማን እንዳንኳኳ አይለይም። ትራሱ ንጹሕ ነው።

ትከሻ_ጠያቂ · ሰኞ ማታ 4፡50

ዶክተር፣ ትከሻ ከሆድ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ስስቅ ነበር። ሌላም አለ እንዴ?

የማታ_ተረኛ · ሰኞ ማታ 5፡05

ሞልቷል። ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚያዘው ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ። የትከሻ ጫፍ ቆዳም ከዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ ሆድ ውስጥ ደም ፈሶ ድያፍራምን ሲነካ ሰውየው «ትከሻዬን» ይላል። ጣፊያ ሲቀደድ የግራ ትከሻ ነው። የወር አበባዋ የቀረ ሴት የታችኛው ሆዷን አሟት፣ ትከሻዋንም ጨምሮ ካመማትና ካዞራት ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል። እሱ እስኪነጋ አይጠበቅም። የኩላሊት ጠጠር ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። የቆሽት ሕመም ወደ ጀርባ ይዘልቃል፤ በሽተኛው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ትንሽ ይተነፍሳል።

አስተርጓሚዋ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡15

በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ሥራዬ በሐኪምና በበሽተኛ መሃል ቁጭ ብሎ ማስተርጎም ነው። አማርኛ የሕመም ቃል ድሃ ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያናግረኝ።

ሆድ_ይፍጀው፣ ቃሉ አልጠፋህም፤ ሥም ስትፈልግ ግሡን ረሳኸው። የኛ ሕመም በግሥ ነው የሚኖረው። ሕመሙ ያደርጋል፣ እኛ ይደረግብናል። ይቆርጠኛል፣ ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነፋኛል፣ ይጫነኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይመዘምዘኛል። እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው። «ይቆርጠኛል» ያለ ሰው ጨምድዶ ይዞ ለቀቅ የሚያደርግ፣ መልሶ የሚይዝ ሕመም እየነገረኝ ነው። «ይመዘምዘኛል» ያለው ደግሞ የማይለቅ፣ የማይጮህ፣ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውል ነገር ይዞታል። አንዲት ሴትዮ «ሆዴን ባዶውን ሲሆን ይሞረሙረኛል፣ የሆነ ነገር ስቀምስ ዝም ይላል» ስትል ሐኪሙ ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የአንጀት ክፍል ላይ ቁስል ሲኖር እንዲህ ይላሉ ተብሎ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል አለኝ። ሁሌ አይሠራም ሲል ግን ጨመረ።

ይሄን ሥራ ስጀምር ያነበብኩት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ 78 የሕመም ቃላትን በ20 ምድብ ከፋፍሎ መጠይቅ አዘጋጀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሕመም መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነትም አለው። ቃሉ ራሱ መረጃ ነው።

የሚያሳስቱ ደግሞ አሉ። «ልቤን ያጥወለውለኛል» ማለት ማቅለሽለሽ ነው፣ ልብ የለበትም። «ኩላሊቴን» የሚሉ ብዙዎች የሚያሳዩት ወገባቸውን ነው። «ሆድ ባሰኝ» ደግሞ ሌላ ክፍል ነው፤ አንዴ ጀማሪ ባልደረባዬ እንደ ሆድ ሕመም ተርጉሞት ሰውዬው ሆዱን ሲነካካ አይቻለሁ። ምስኪን፣ አልቅሶ ለመገላገል ነበር የመጣው።

ጥርጥር · ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ቅኔ ለምን አስፈለገ? ሲቲ ስካን አለ፣ አልትራሳውንድ አለ። አስገብቶ ማየት ነው። ሐኪም በሽተኛን ተርክልኝ ማለት ያለበት ማሽን ሳይኖር ነው።

የማታ_ተረኛ · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡10

ጥርጥር፣ ማሽኑ ጥያቄ ካልሰጠኸው የማይረባ መልስ ይሰጥሃል። የሐሞት ጠጠር ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ምንም አያማቸውም። ሌላ ነገር ያመመው ሰው አልትራሳውንድ ቢነሳ ጠጠር ሊገኝበት ይችላል። እንግዲህ ያ ጠጠር ጥፋተኛ ነው ወይስ ቆሞ ተመልካች? የሚፈርደው የሕመሙ ታሪክ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። የአንጀት ደም ሥር ሲዘጋ መጀመሪያ ላይ ሆዱ ሲነካ ለስላሳ ነው፣ ሰውየው ግን ይጮኻል። ያንን አለመመጣጠን ጆሮህ ካልያዘው የትኛውን ምርመራ እንደምታዝ እንኳ አታውቅም።

ትርፍ_አንጀት_አልባ · ማክሰኞ ማታ 1፡20

የኔን ስሙ። ጠዋት እምብርቴ ዙሪያ ጀመረኝ። ድፍን ያለ፣ ምግብ የሚያስጠላ። ከሰዓት ላይ እምብርቴ ጋ ቀለል አለልኝና ደስ አለኝ። ለካ አልሄደም፣ ቤት ነው የቀየረው። ማታ ላይ በቀኝ በታች በኩል፣ በጣት የምነካው ቦታ ሆነ። ወደ ሐኪም ስንሄድ መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሾፌሩን ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። ሐኪሙ ገና «መንገድ ላይ መኪናው ሲነጥር አሞሃል?» ሲለኝ ጠንቋይ መሰለኝ።

የማታ_ተረኛ · ማክሰኞ ማታ 2፡00

ያንተ ታሪክ ከላይ ያልኩት ሁሉ በአንድ ቀን ነው። ሆድ ከጽንስ ጊዜ የቀረ ካርታ አለው። ጨጓራ፣ ጉበት፣ ሐሞት ከረጢትና ቆሽት ከእምብርት በላይ ያሳምማሉ። ትንሹ አንጀትና ትርፍ አንጀት እምብርት ዙሪያ። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል ከእምብርት በታች። ትርፍ አንጀትህ ሲወጠር በመጀመሪያው መስመር እምብርትህ ጋ ተናገረ። ቁጣው ሽፋኑ ላይ ሲደርስ በሁለተኛው መስመር ትክክለኛ አድራሻውን ሰጠ። ያ ቦታ ስም አለው። ቻርልስ ማክበርኒ የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 ገልጾታል። ከቀኝ ዳሌ አጥንት ፊተኛ ጫፍ እስከ እምብርት መስመር አስምር፤ ከአጥንቱ በኩል ሲሦው ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የባሰ ሕመም ድንገት ቀለል ሲል ሁሌ ምሥራች አይደለም። የተወጠረው ፈንድቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ሆድ በሙሉ ይደርቃል።

ዘጠኝ_ካሬ · ማክሰኞ ማታ 2፡30

አንዱ ሐኪም ሆድን ለ4 ይከፍላል፣ አንዱ ለ9። ተስማሙ እንጂ!

የማታ_ተረኛ · ማክሰኞ ማታ 2፡35

4ቱ እምብርት ላይ መስቀል ማስመር ነው፣ ለጥድፊያ ይበቃል። 9ኙ ላይ መሃለኛ ረድፍ ስላለ ከላይ የነገርኩህን ካርታ በደንብ ያሳያል። አንተ ግን «ከጎድኔ ሥር በቀኝ» ካልከን ይበቃናል።

የሁለት_ልጆች_እናት · ማክሰኞ ማታ 3፡15

ትልቁስ ይናገራል። ትንሿ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ጉሮሮዋን ቢያማትም «ሆዴን» ነው የምትለው፤ የት ጋ ስላት እምብርቷን ነው የምታሳየኝ። እኔ ምን ላድርግ?

የማታ_ተረኛ · ማክሰኞ ማታ 3፡40

እህቴ፣ የትናንሽ ልጆች እምብርት የሁሉም ነገር ቢሮ ነው። ጆን አፕሊ የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ተመላላሽ የሆድ ሕመምን ሲያጠና ያስተዋለው ነገር እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ሕመሙ ከእምብርት በራቀ ቁጥር ከጀርባው የሆድ ዕቃ በሽታ የመኖር ዕድሉ ይጨምራል። ፍጹም ሕግ አይደለም። ሳንባዋ ታች ላይ ምች ቢይዛትም «ሆዴን» ልትል ትችላለች።

ከቃሏ ይልቅ ሥራዋን እይ። ትጫወታለች? ትዘላለች? ዝለይ ስትባል ዘልላ ካረፈችና ከሳቀች ትንሽ ተረጋጊ። ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት፣ አረንጓዴ የሚያስመልሳት፣ ደም ያለው ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ ከሆነ ግን አትጠብቂ።

ወንድ ልጅ ላላችሁ ደግሞ ልጨምር። ታዳጊ ልጅ የታችኛውን ሆዱን ድንገት አሞት ካስመለሰው የዘር ፍሬው ይታይ። ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ አፍሮ «ሆዴን» ነው የሚለው። እሱን ለማዳን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ መድረስ ነው ያለብን። በሐፍረት ምክንያት የባከነ ሰዓት አይቻለሁ፣ አሁንም ያናድደኛል።

ከአስር_ስንት · ማክሰኞ ማታ 4፡00

«ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» የምትባለው ነገር አትገባኝም። 5 ካልኩ ይንቁኛል፣ 10 ካልኩ ያጋነንኩ ይመስላቸዋል። አንዴ 8 ብዬ ነርሷ የያዝኩትን ስልክ ስታይ እኔም አፈርኩ።

አስተርጓሚዋ · ማክሰኞ ማታ 4፡20

ቁጥሯ ሰውን ከሰው ለማወዳደር አይደለችም፣ አንተን ከራስህ ጋር ለማወዳደር ነው። ከመርፌው በፊት 8፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 4፤ ጥቅሟ እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን «ከተቀመጥኩበት አላስነሳኝም» ወይም «ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ» ማለት ከ8 ይበልጣል ባይ ነኝ።

ፈሪው · ማክሰኞ ማታ 4፡30

ሐኪም ከማየቴ በፊት ማስታገሻ ብወስድ ምርመራውን ይሸፍነዋል ይባላል። እውነት ነው?

የማታ_ተረኛ · ማክሰኞ ማታ 4፡45

ድሮ እኛም እንደዚያ ተምረን ነበር። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ማስታገሻ መስጠት የተሳሳተ ውሳኔ እንደማይጨምር ስለታየ አሁን እየመረመርን እንሰጣለን። ቤት ውስጥ ሦስት ቀን እያስታገሱ መደበቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አይቡፕሮፌንና ቤተሰቦቹ ደግሞ ጨጓራን ራሱን ያቆስላሉ። የወሰድከውን ስምና ሰዓት ብቻ ንገረን።

ጡረተኛው · ረቡዕ ጠዋት 1፡50

ልጆቼ፣ እኔ 70 አልፎኛል፣ ስኳርም አለብኝ። አምና ከደረቴ በታች፣ እዚህ ሆዴ አናት ላይ ተጫነኝና ላበኝ። ምግቡ ነው ብዬ ጋደም አልኩ። ልጄ በግድ ወሰደችኝ። ልብ ነበር። ሕመሙ ይሄን ያህል አልነበረም፣ ለዚህ ነው የናቅሁት።

የማታ_ተረኛ · ረቡዕ ጠዋት 2፡30

እንኳን ተረፉልን። ልጅዎን እግዜር ይስጣት። የልብ ደም ሥር መዘጋት እንደዚህ ሆድ አናት ላይ ይመጣል፣ በተለይ የታችኛው የልብ ግድግዳ ሲጎዳ። እርስዎ ያሉት ሌላው ነገር ደግሞ ለሁሉም ይጠቅማል። ዕድሜ የገፋ ሰው፣ ስኳር ያለበት፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሕመሙ ከበሽታው ያነሰ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ነው የሚያመኝ» ስለተባለ በሽታው ትንሽ ነው ማለት አይደለም።

ሰላም_ያጣ_አንጀት · ረቡዕ ከሰዓት 10፡00

የናንተ ሁሉ መጨረሻው ስም አለው። የኔስ? 3 ዓመት ሆነኝ። ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ሽንት ቤት ስሄድ ይለቀኛል። አንዳንዴ ድርቀት፣ አንዳንዴ ተቅማጥ። ያልታየሁት የለም። መጨረሻ ላይ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ከሕመሙ በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

የማታ_ተረኛ · ረቡዕ ማታ 2፡10

«ምንም የለብሽም» ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ትክክለኛው «በመሣሪያ የሚታይ ቁስል የለም» ነው። ሕመሙ እውነት ነው። በአንጀትና በአንጎል መሃል ያለው ንግግር ድምፁ ከፍ ብሏል፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን የጋዝ ውጥረት አንቺ እንደ ሕመም ትሰሚዋለሽ።

ስምም አለው። የተቆጣ አንጀት ሕመም ይሉታል። ሐኪሞች እንዲህ ዓይነቱን ሕመም የሚለዩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አራተኛው የሮም መስፈርት የሚለው ይህን ነው፦ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን ሕመም፣ ከዚያም ከሦስቱ ሁለቱ፤ ሕመሙ ከሰገራ መውጣት ጋር መያያዝ፣ የሽንት ቤት ምልልሱ መቀየር፣ የሰገራው መልክ (መድረቅ ወይም መቅጠን) መቀየር። ጅማሬው ቢያንስ ከ6 ወር በፊት መሆን አለበት። የጻፍሽው አንቀጽ ሊገጥም ምንም አልቀረውም። እኔ ግን ከስክሪን ጀርባ ሆኜ ስም አልሰጥሽም፤ ይህንኑ ጽሑፍ ለሐኪምሽ አሳዪው። ደም፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ መጀመሪያ ይነገር።

ሌላም የሚረሳ አለ። አንዳንድ «የሆድ ሕመም» ከሆድ ግድግዳው ነው፣ ከጡንቻው ወይም ከተቆነጠጠ ነርቭ። ካርኔት የሚባል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1926 ቀላል ዘዴ ጻፈ። በጀርባ ተኝተሽ የሚያመው ቦታ በጣት ተጭኖ ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ። ሕመሙ ከባሰ ችግሩ ከግድግዳው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ቆዳውን ተከታተሉ፤ አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት ማቃጠል ሊጀምር ይችላል።

ሆድ_ይፍጀው · ሐሙስ ማታ 3፡00

ጉድ ነው፣ የኔ ጥያቄ እዚህ ደረሰ? ሁላችሁንም አነበብኩ። ቀዶ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ከ5 ወር በፊት ጀመረኝ። በቀኝ ከጎድኔ ሥር ቁርጠት ነው። ቅባት የበዛበት ነገር ስበላ፣ በተለይ ማታ ይመጣል። 2 ወይም 3 ሰዓት ይቆያል። ወደ ቀኝ ትከሻዬ ሥር ይሄዳል። ያስመልሰኛል። ትኩሳት የለም፣ ዓይኔም ቢጫ አልሆነም።» ምን ይጎድለዋል?

አስተርጓሚዋ · ሐሙስ ማታ 3፡20

ጎበዝ! አንዲት ቃል ብቻ ላርምህ። ለ2 ሰዓት ሲይዝህ መሃል ላይ ለቀቅ ያደርግህ ነበር?

ሆድ_ይፍጀው · ሐሙስ ማታ 3፡24

ኧረ በጭራሽ። እየጨመረ ይወጣና እዚያው ጸንቶ ይቆያል። እንደ ድንጋይ።

አስተርጓሚዋ · ሐሙስ ማታ 3፡27

እንግዲያው «ቁርጠት» የሚለውን ሰርዝ። «ይጫነኛል» በል።

የማታ_ተረኛ · ሐሙስ ማታ 3፡45

ልክ ናት። ሐኪሞችም ራሳቸው የሐሞት ቁርጠት ብለው ሲጠሩት ይሳሳታሉ፤ የሐሞት ከረጢት ሕመም አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ አይመላለስም። ትኩሳት ከመጣ ወይም ሕመሙ ከ5 ወይም 6 ሰዓት በላይ ከቆየ ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ና።